እትዬ የሻረግ፣ የጥንቶቹ ጎረቤት

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ አንዲት ሴት ከኋላዬ ክንዴን ያዘችኝ። ዘወር ስል ዘሃራ ነበረች፤ የታንኳ ሠሪው የአያ ሰይድ ልጅ። ከተያየን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ገና ሳንሳሳም ከፊቷ ላይ ክፉ ወሬ መኖሩን አነበብኩ።

"እትዬ የሻረግ አረፉ" አለችኝ።

እዚያው አንድ የሽንኩርት ከረጢት ላይ ቁጭ አልኩ። ዘሃራም አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ስለ ለቅሶው ነገረችኝ።

"ሙሾ ማን ያውርድ? የሀገሩ አልቃሽ እሳቸው ነበሩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ እንደምንም ጀመረችና ቤት መምቻው ጠፋባት። ሌላዋ 'እትዬ የሻረግ ይህን ግጥም ቢሰሙ ከሳጥናቸው ተነሥተው ያርሙሽ ነበር' አለቻት። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመን። ሁሉም የሳቸውን ነገር እያነሣ ድንኳኑ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ቄሱ እንኳ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።"

እኔም እንባዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግኩ ሳቅኩ። ሽንኩርት ሻጯ ግራ ተጋብታ ታየኛለች። ቲማቲሙን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውን ብቻ ሳስብ ሰነበትኩ።

እትዬ የሻረግን ያወቅኳቸው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ከሙዚየም ሥልጠና እንደወጣሁ፣ ተወልጄ ካደግኩበት ከአሰላ ወደ ጣና ዳር ተመደብኩ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ወደ ቁንዝላ ሲኬድ መንገድ ላይ ሾላ ወደብ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ የገበሬ ማኅበሩ ለእህል መጋዘን መሠረት ሲያስቆፍር ከመሬት ውስጥ ትልልቅ ጋኖች ወጡ። ከጋኖቹ አጠገብ የሰው አፅም፣ ዶቃና የመዳብ አምባር ተገኘ። ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ መጥተው በጋውን ሙሉ በብሩሽ ሲጠርጉ ቆዩ። የተቀበሩት ሰዎች ክርስትናም እስልምናም ወደ ሐይቁ ዳር ከመምጣታቸው በፊት የኖሩ ናቸው አሉ። አፅሞቹ ከሚነሡ እንደተኙ ቢታዩ ይሻላል ተባለና ጉድጓዱ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ተሠራ፤ ዙሪያውን የእንጨት አጥር ተደረገለት፤ በጎኑም ዶቃውና አምባሩ በመስታወት ሣጥን የሚታዩባት አንዲት ክፍል ተጨመረች። ሙዚየም ማለት ይህ ነበር። ኃላፊውም፣ አስጎብኚውም፣ በር ከፋቹም እኔ ሆንኩ።

መንደሩ ግን ሙዚየሙን አልወደደውም። የሙት አጥንት ገልጦ ማስቀመጥ መቅሠፍት ያመጣል ተባለ። ዝናብ ሲዘገይ ጥፋቱ የኛ ሆነ። ዓሣ ከመረብ ሲጠፋም የኛ። ሴቶች ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ እኔን ካዩ መንገድ ይለውጣሉ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ጉድጓዱ ተመልሶ ይደፈን የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹም ሙዚየሙ ደጃፍ ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እጣ ፈንታዬን እጠባበቃለሁ። ሙዚየሙ ከተዘጋ ወደ አሰላ መመለሴ ነው።

የመንደሩ ቄስ "መቅበሩንስ እንቅበር። ፍትሐት ግን አልፈታም" አሉ። "ማዕተብ የላቸው፣ ስመ ክርስትና የላቸው፤ ማን ብዬ ልጥራቸው?"

አያ ሰይድ በበኩላቸው "ከኛም አይደሉም" አሉ። "ፊታቸው ወደ ቂብላ አይደለም። ማንነታቸውን አላህ ይወቅ።"

ይህን ሲነጋገሩ አንዲት ረጅም ጠይም ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሌሎች ሴቶችን አስከትለው መጡ። ሽማግሌዎቹን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ በአጠገቤ አልፈው የጉድጓዱን መሰላል መውረድ ጀመሩ።

"እናቴ፣ ወደዚያ መውረድ ክልክል ነው" አልኳቸው።

"ለቅሶ ቤት ተፈቅዶ አይገባም፣ ልጄ" አሉኝና ወረዱ።

እትዬ የሻረግ እኒህ ነበሩ። ከሾላ ወደብ እስከ ቁንዝላ ሙሾ ለማውረድ የሚጠሩ አልቃሽ ናቸው። ከታች ሲደርሱ አንዲት ሴት ከተኛችበት ቦታ አጠገብ ቁጭ አሉ። አፅሙ በጎኑ የተጋደመ ነው፤ አንድ እጅ ወደ አንዲት ትንሽ ጋን ተዘርግቷል፤ በጋኗ ውስጥ የሕፃን አጥንት አለ። እትዬ የሻረግ ያንን እጅ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ጀመሩ፤

"ስምሽን ሳላውቀው፣ ቀዬሽን ሳላየው፣
ዘግይቼ መጣሁ፣ እንባዬን ተቀበይው።"

ከላይ የቆሙት ሴቶች ተቀበሏቸው። እኔ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ማን እንደሞተ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግን ሁሉም የራሱን ሰው ያሰበ መሰለኝ። አያ ሰይድ በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቄሱ ወደ ሐይቁ ዞረው ቆሙ። እኔም አሰላ የቀበርኳትን አክስቴን አስታውሼ ተንሰቀሰቅኩ።

ለቅሶው ሲበርድ እትዬ የሻረግ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

"እኔም ልደፍን ነበር የመጣሁ" አሏቸው ሽማግሌዎቹን ከታች ሆነው። "አሁን ግን አየኋት። ይችን ሴት ያስተኛ ሰው እጇን ወደ ልጇ ዘርግቶ ነው ያስተኛት። ይኼ የወዳጅ ሥራ ነው። አፈር ብንመልስበት ማን ያይለታል? ደግሞስ አልቅሰንላቸዋል። ካለቀስንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ጎረቤት ይጠየቃል እንጂ አይደፈንም። ሲጠየቁ ግን በወግ ነው። እንደ ከብት ገበያ ቆሞ ማፍጠጥ የለም፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ እንደምን አላችሁ ይበላቸው።"

"ምን ብለው ሊመልሱልሽ?" አሏቸው ቄሱ።

"አባ፣ ከባሌ ጋር እንደምን አደርህ እያልሁ ሳይመልስልኝ ነው የኖርሁ። ለምጃለሁ።"

ባላቸው ነፍሳቸውን ይማርና ቃል የሚወጣቸው በጭንቅ እንደነበረ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ መሣቅ ጀመሩ። ሳቁ ሲያልቅ ስለ መድፈን የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

ለሙዚየሙ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ተፈቅዶልን ስለነበር እሳቸውን ቀጠርኳቸው። መኖሪያዬም እሳቸው ቤት ጎን ያለች አንዲት ክፍል ሆነች። መጀመሪያ ሰሞን በእውነት መጥረግ ብቻ ነበር ሥራቸው። እኔ ለጎብኚዎች ስለ ዘመኑ፣ ስለ ሸክላው አሠራር፣ ስለ አፈሩ ድርብርብ እያስረዳሁ ሰዉ በየተራ ያዛጋል። አንድ ቀን ከጥግ፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው "ይችን ሴት ጌጤ ነው የምንላት" አሉ። ሰዉ በሙሉ ወደሳቸው ዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደኔ ተመልሶ የዞረ የለም።

ያችን እጇን ወደ ልጇ የዘረጋችውን ባለ ዶቃ ጌጤ አሏት። ረጅሙን ሰውዬ ዘለቀ አሉት። ቄሱ "ሳይጠመቁ ስም ማውጣት አግባብ ነው?" ሲሏቸው "ስሙን ሳልጠራ እንዴት ሰላም ልበለው? አንተ ሰውዬ ልበለው?" ብለው መለሱላቸው። ከስሙ ቀጥሎ ታሪኩ መጣ። ጌጤ ዶቃውን ለሰርጓ ያጠለቀች ዕለት አማቷ አይታ አፏን እንዴት እንዳሽሟጠጠች፣ ዘለቀ ረጅም በመሆኑ ጉድጓዱ አልበቃው ብሎ ቆፋሪዎቹ እየረገሙት እንደገና እንደቆፈሩለት፣ ሁሉን ያዩ ያህል ያወሩታል። የአማቲቱን አፍ በራሳቸው አፍ ሲያሳዩ ጎብኚው ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ቁፋሮውን የመራው ባለሙያ ከአዲስ አበባ ለቁጥጥር መጣ። እትዬ የሻረግ ስለ ጌጤ አማት ሲያወሩ ከኋላ ቆሞ ሰማ። ፊቱ ቀላ።

"ይህን ከየት አገኙት?" አላቸው።

"ከየትም አላገኘሁት። ፈጠርሁት" አሉት፣ ምንም ሳይደብቁ።

"እናቴ፣ እዚህ ያልተረጋገጠ ነገር አይነገርም።"

"አማት አፏን አታሽሟጥጥም ነው የምትለኝ? አላገባህም እንዴ?"

እውነትም ባለሙያው ትክክል ነበር፤ ሙዚየም ውስጥ የተፈጠረና የተገኘ ነገር መለየት አለበት። ለሁለቱም የሚሆን ዘዴ ፈለግኩና፣ እትዬ የሻረግ ከራሳቸው ለሚጨምሩት ሁሉ መጨረሻ ላይ "ይመስለኛል" እንዲሉ ተስማማን። ቃላቸውን አላጠፉም። "ጌጤ ድምፀ መረዋ ነበረች፣ ይመስለኛል። ባሏ ግን ጆሮው ደህና አልነበረም፣ ይመስለኛል። እሷ ስትዘፍን ላሚቱ ትጮኻለች ብሎ ይወጣ ነበር፣ ይመስለኛል።" ባለሙያው አፉን በእጁ ከደነ፤ ሳቁን ግን መያዝ አልቻለም። ጀልባው ላይ ሊወጣ ሲል ተመልሶ የዘለቀን አንዴ ይንገሩኝ አላቸው።

ወሬው ባሕር ዳር ደረሰ። እሑድ እሑድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ዳቦና ብርቱካን ቋጥረው በጀልባ መምጣት ጀመሩ። ሁሉም በሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ "እንደምን አላችሁ" እያለ ይገባል።

አንድ ቀን አንድ ካድሬ ካኪውን ለብሶ፣ አጃቢ ይዞ መጣ። በሩ ላይ እትዬ የሻረግ አስቆሙትና ሰላም እንዲል ነገሩት። ሰውዬው ግራና ቀኝ አየና ዝቅ ባለ ድምፅ እንደምን አላችሁ አለ። ከገባ በኋላ ግን ኮስተር ብሎ ዘለቀን በጣቱ አመለከተ።

"ይህ ሰው የየትኛው መደብ ነበር?"

"የምን መደብ ጌታዬ?"

"ጌታዬ የሚባል የለም፤ ጓድ ነው የሚባለው።"

"ይሁን፣ ጓድ ጌታዬ።"

"ከገዢው መደብ ነው ወይስ ከጭቁኑ? ሕዝቡ ሲጎበኝ ይህን ማወቅ አለበት።"

እትዬ የሻረግ ዘለቀን ደህና አድርገው አዩት።

"መደብ ላይማ ተኝቶ ቢሆን እዚህ መች እናገኘው ነበር" አሉ። "ይኸው፣ መሬት ላይ ነው የተኛ።"

አጃቢዎቹ መሬት መሬት አዩ። ካድሬው ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ታገለው፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንግዲያው ከጭቁኑ ነው" አለና አለፈ። ጀልባው ውስጥ ከገባ በኋላ ሳቁ እስከ ዳር ተሰማን።

እንዲህ ሰውን ሲያስቁ የሚውሉት ሴትዮ የልብ ጭንቀት ነበረባቸው። አንድ ልጃቸው አስማረ ሙዚየሙ ከመከፈቱ በፊት በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ተወስዷል። ደብዳቤው ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ከጊዜ በኋላ ደብዳቤው ቀረ። እግሩን ተመትቶ ወደ ጎረቤት ቀበሌ የተመለሰ አንድ ወታደር፣ የአስማረ ጦር ተከቦ አልቋል ብሎ አወራ። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ ማለዳ ሊያረዷቸው መጡ። የእግራቸውን ኮቴ ከክፍሌ ሰምቼ ወጣሁ። እትዬ የሻረግ በሩን ከፍተው ቆመዋል። ወጉን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ምን ሊሏቸው እንደመጡ አልጠፋቸውም።

"ሬሳውን ያየ አለ?" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

"የቀበረውስ?"

"የሻረግ፣ ጦሩ በሙሉ ነው ያለቀ" አሏቸው አያ ሰይድ።

"ያየ ከሌለ እንግዲህ በብርድ አትቁሙ። ግቡና ቁርስ ብሉ።"

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደያዙ ገብተው፣ የቀረበላቸውን ቂጣ እንደምንም ውጠው ወጡ። እትዬ የሻረግ በሰዓታቸው ሥራ ገቡ። መንደሩ ግን ተቀየማቸው። ለቅሶ የጋራ ነው፤ እሳቸው ካልተቀመጡ ሌላው ማልቀስ አይችልም። "ለሰው ሬሳ ደረት ስትደቃ ኖራ ለገዛ ልጇ እንባ ነፈገች" የሚሉ ነበሩ። ሰው ሲሞት እንኳ እሳቸውን ለሙሾ መጥራት ተዉ።

አንድ ቀን ጎብኚ በሌለበት ሰዓት የጉድጓዱን አጥር ሲወለውሉ አጠገባቸው ቆምኩና እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

"እትዬ፣ ቢያለቅሱ አይቀልልዎትም?"

ጨርቁን ጨመቁት።

"አንቺ ልጅ፣ እነ ጌጤ እኔን እስኪያገኙ ብዙ ዘመን አልቆዩም?"

"ቆይተዋል።"

"በመቆየታቸው የጎደለባቸው አለ?"

"የለም።"

"ለቅሶ አይረፍድም። አስማረ ሞቶ እንደሁ እንባዬ ይጠብቀዋል፤ የትም አይሄድ። በእግሩ እየሄደ እንደሁ ግን፣ በቁሙ አልቅሼበት ሲመጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

ይህን ብለው መወልወላቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳቸውም።

ሽማግሌዎቹ ለመርዶ በመጡ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የባሕር ዳር ተማሪዎች መጥተው እትዬ የሻረግ ያስጎበኛሉ። እኔ የመስታወት ሣጥኑን እያጸዳሁ ነው። ከጎርጎራ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው ጀልባ ወደቡ ላይ ቆመና ሰዎች ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ፂሙ ያደገ፣ ከሲታ ሰው የተቀደደ የወታደር ጃኬት ለብሶ ከተማሪዎቹ ኋላ መቃኑን ተደግፎ ቆመ።

እትዬ የሻረግ ከታች ሆነው አዩት። ብርሃኑ ከጀርባው ስለሆነ ፊቱ አይለይም።

"ከኋላ ያለኸው፣ ሰላም ሳትል ነው የገባህ" አሉት።

"እንደምን አላችሁ" አለ ሰውዬው።

እትዬ የሻረግ የጀመሩትን ቃል አልጨረሱትም። መሰላሉን ወጥተው ተማሪዎቹን በክንዳቸው እየለዩ አለፉና በሁለት እጃቸው ፊቱን ያዙት።

"እስቲ ደግመህ ተናገር።"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ደግመህ።"

"እኔ ነኝ፣ አስማረ።"

ከዚያ የወጣቸው ድምፅ እልልታ ይሁን ጩኸት እኔም አጠገባቸው ቆሜ አልለየሁትም። መንደሩ ግን ከሩቅ ሲሰማው ለቅሶ መሰለው። የሻረግ በመጨረሻ አለቀሰች ተባለ። ሴቶቹ ያን ያህል ጊዜ ያመቁትን እንባ ይዘው፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ደረታቸውን እየመቱ በየአቅጣጫው ወደ ሙዚየሙ ሮጡ። አያ ሰይድ ለታንኳ የሚያስሩትን ደንገል ጥለው እግራቸው እንደረጠበ መጡ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከኋላ ደረሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ አስማረ ቆሟል። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ሊመቱ ያነሡት እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ያኔ እትዬ የሻረግ ልጃቸውን በክንዳቸው እንዳቀፉ ግጥሙን አወረዱት፤

"ሞቷል ብላችሁኝ፣ መርዶ ያረዳችሁኝ፣
ይኸው በእግሩ መጣ፣ እልል በሉልኝ።"

እልልታው ሐይቁ ላይ አስተጋባ። ሴቶቹ እየሳቁም እያለቀሱም አንዷ የሌላዋን ነጠላ ትገለብጥላት ጀመር። አሮጊቷ ያንን አየር ላይ የቀረ እጃቸውን አውርደው አስማረን በጥፊ መቱት፤ "የት ቆይተህ ነው እንዲህ የምታስጨንቀን?" ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ተማሪዎቹም ነገሩ ገብቷቸው ያጨበጭባሉ።

አስማረ ተማርኮ ነበር። ሲለቁት በእግሩ ጎንደር፣ ከጎንደር ጎርጎራ ደርሶ ጀልባ ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ አያ ሰይድ ዓሣ አመጡ፤ ዓሣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይሆናል ብለው። ሾላው ሥር በአንድ ገበታ በላን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም መጡ። ሁላችንም ፈራን፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰን ሰው ለወረዳው ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ ከታወቀም መልሰው ይወስዱታል። ሰውዬው ድርሻቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ።

"ዓሣው ይጣፍጣል" አሉ። "ዛሬ ወደዚህ የመጣ እንግዳ ግን አላየሁም።"

ከዚያ ወዲያ ስሙን በስብሰባ ላይ ያነሣ አልነበረም። አስማረም እዚያው ቆይቶ አግብቶ ወለደ።

ስለ እትዬ የሻረግ ሳስብ ሁልጊዜ የምቆመው የዚያ ቅዳሜ ማግስት ላይ ነው። እሑድ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞች እንደተለመደው በጀልባ ደረሱ። እትዬ የሻረግ ግን አልመጡም። ቀርተው ስለማያውቁ ደነገጥኩና ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አስማረ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በበሩ አጮልቄ ሳይ እትዬ የሻረግ መደባቸው ላይ በጎናቸው ተጋድመው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል።

"ከትናንት ምሽት ጀምራ እንዲህ ናት። ልቀስቅሳት?" አለኝ በሹክሹክታ።

የኔና የሳቸው ክፍል ግድግዳ አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ለመርዶ ከመጡ ወዲህ እትዬ የሻረግ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ እሰማቸው ነበር።

"እንዳትቀሰቅሳቸው" አልኩት።

ተመልሼ ለእንግዶቹ ሙዚየሙ ለጊዜው እንደማይከፈት ነገርኳቸው። አንድ ጎልማሳ መካኒክ ተቆጣ፤ ከባሕር ዳር ድረስ መጥተን ነው አለ። "አስጎብኚያችን ተኝተዋል" አልኩና ምክንያቱን ነገርኳቸው። ሴቶቹ መሐረባቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ አንሶላቸውን ሾላው ሥር አነጠፉ፤ ዳቧቸውን ቆርሰው ተካፈሉ። ሕፃናቱ ሲንጫጩ ያው የተቆጣው መካኒክ "ቀስ በሉ፣ እትዬ የሻረግ ተኝተዋል" ይላቸዋል። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ጥላው ሥር ጋደም አለ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል እትዬ የሻረግ የሰሌኑ መስመር ጉንጫቸው ላይ እንደታተመ እየተጣደፉ መጡ። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለላቸው።

"ይህን ሁሉ እንግዳ ደጅ አስቀምጠሽ፣ ምነው አልቀሰቀስሽኝም?" አሉኝ ተቆጥተው።

"ብቀሰቅስዎት ይነሡ ነበር?"

ጉንጫቸውን አሻሹ።

"አልነሣም ነበር" አሉና መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው በሩን ከፈቱት።